ቁልፍ የተተከለላት ዶሮ

ዶሮ ሰደርያ ለብሳ ብታዩ ትስቃላችሁ። እኔም ስቄያለሁ። የግቢውን በር ተደግፌ፣ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት። ሰማያዊ ሰደርያ ነው። ጠርዙ በድርብ ስፌት የተያዘ፣ የክንፍ ማውጫው በልክ የተቆረጠ፣ ከአንገቷ ሥር ጀርባዋ ላይ በአንዲት ነጭ ቁልፍ የሚዘጋ። ብዙ ሰው ለሠርጉ እንኳ እንደዚያ የተጠነቀቁለት ልብስ አይለብስም።

«ሳቅ፣ ሳቅ!» አለችኝ የዶሮዋ ባለቤት፣ ራሷም ፈገግታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነክሳ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ አዋቂ የሆንከው? ዕድሜህን በሙሉ ቅባት የጠጣ ቱታ ውስጥ ኖረህ!»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዶሮዋ ደም በደም ሆነች። ሳቄም እዚያው ደረቀ።

ሴትዮዋን እትዬ ቁልፍ ነው የምንላት። እኛ ስል በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት አብረን የሠራነውን ማለቴ ነው። እሷ ሰፊ ነበረች፤ እኔ የስፌት መኪኖቹ ጠጋኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ አንዱን እየፈታሁ ሌላውን እየገጠምኩ ለመድኩት። ያን ስም ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው። ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስለምትተክል ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ቁልፍ ያሏት በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትውል ስለነበር ነው። ቋንቋችን ለአሽሙረኛ ይመቻል፤ የሸሚዙም የበሩም መዝጊያ አንድ ስም ነው ያላቸው። እሷም ስሙን ተቀብላው ኖረች። ዛሬ እናቷ ባወጣችላት ስም ብትጠሯት ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

ከእኔ ቤት አምስት በር አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ሲያልቅ፣ ሁለት ክፍል ቤትና ሁለት አንሶላ ጎን ለጎን የማይሰጣበት ግቢ አላት። ባሏ ድሮ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። የእህቷ ልጅ በሳምንት አንዴ ትደውልላታለች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ አምስት ዶሮ ገዛች፣ አብረው ያደጉ፤ ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ወሰራ፣ አንድ ጥቁር። ስድስተኛዋ ገብስማ ናት። ቤት የቀየረች ጎረቤት ትታላት የሄደች፣ ከሁሉም ኋላ የመጣች። ኋላ የመጣ ዓይን አወጣ ይባላል፤ እዚህ ግቢ ግን ዓይኗ ሊወጣ የደረሰው የኋለኛዋ ነበር።

ጥቁሯን «ሊቀመንበር» ያልኳት እኔ ነኝ። መኖው ሳህን ላይ ትቆማለች፣ ማን እንደሚበላና ማን እንደሚጠብቅ የምትወስነው እሷ ናት። ገብስማዋ ቀረብ ስትል ጠቅ! ጀርባዋ ላይ። ስትሸሽ ተከትላት፣ ጠቅ! አንድ ላባ ወደቀ፣ ሌላ ላባ ወደቀ። ከዚያ መዳፍ የሚያህል ራቁት ቆዳ ወጣ። ቆዳው ደማ። ደሙ ሲታይ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩት አራቱ መጡ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች ሳትነቁር አታልፍም። ነጯ እንኳ፣ ያቺ የዋሂት፣ ሄዳ አንዴ ጠቅ አድርጋት ተመለሰች፤ ግብሯን እንደከፈለች።

ገብስማዋ ልብስ ማጠቢያው ሥር ገብታ መዋል ጀመረች። ሌሎቹ ጠግበው ጥላ ሲፈልጉ ነው ወጥታ የተረፈውን የምትለቅመው።

ታዲያ እትዬ አንድ ቀን ገብስማዋን አቅፋ ቅርጫት ውስጥ አስገባቻትና ማዕድ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠቻት። ቁስሏን አጠበችላት፣ መኖም ውሃም አቀረበችላት፣ ክዳኑን ደፋችባት።

«እዚህ ማንም አይነካትም» አለችኝ። «ብቻዋን ትሁን እንጂ ትዳን። ለራሷ ብዬ ነው።»

ይህን ስትል የያዝኩት ሻይ አፌ ሳይደርስ ቆመ። ይህን ቃል የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። እሷ ያስተዋለች አልመሰለኝም።

ድርጅታችን የደንብ ልብስ ነበር የሚሰፋው፤ የጥበቃ፣ የሾፌር፣ የነርስ። ረጅም አዳራሽ፣ ሁለት ረድፍ መኪና፣ ከላይ ቀን ከሌት የሚበራ አምፖል፣ ከታች የክር ብናኝ። እትዬ ስትቀጠር አርባ ሊሞላት ነበር። እጇ የተባረከ ነው። ኮሌታ ትሰፋለች፤ ሌላዋ ሁለት ስትጨርስ እሷ ሦስት። ማንንም ለመብለጥ ብላ አይደለም፤ መርፌው መሮጥ ሲጀምር ዓለሙን ትረሳዋለች። ኃላፊው ግን አልረሳም። አየ፣ አሰበ፣ የሁሉንም ሰው የቀን ኮታ ከፍ አደረገው።

በማን መናደድ ነበረባቸው? በኃላፊው። በማን ተናደዱ? ምን ትጠይቁኛላችሁ፣ ታውቁታላችሁ።

የሴቶቹ አውራ ጨርቅ ቆራጯ ነበረች፤ «መቀሷ» እንላታለን። ክፉ ብቻ ብትሆን ኖሮ ማንም አይከተላትም ነበር። ቀልደኛ ናት፣ ደፋር ናት፣ ለታመመች ሴት ቀድማ የምትሮጥ ናት። እትዬ በመካከላቸው ስታልፍ፣ «እኅቶቼ፣ ባቡሩ መጣ፣ ከሐዲዱ ዞር በሉ!» ትላለች። አዳራሹ በሳቅ። ምሳ ሰዓት ሁሉም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚበላው። እትዬ ሳህኗን ይዛ ስትቀርብ ወሬው ይቆማል። የሰደባት የለም። ሂጂ ያላትም የለም። ወሬው ብቻ ይቆማል። አፏ ውስጥ ያለውን ስታላምጥ ለራሷ ይሰማታል።

ከዚያ የመኪናዋ የክር መወጠሪያ ብሎን ነገር መጣ። በየጠዋቱ ላልቶ ይገኛል። ብሎኑ ሲላላ ስፌቱ ይንዘላዘላል፤ ስፌቱ ሲንዘላዘል ኮሌታው ተመላሽ ይሆናል። የማጠብቀው እኔ ነኝ። ብሎን በራሱ ጊዜ በየቀኑ እንደማይላላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ማልጄ ስገባ መቀሷን እጇ ብሎኑ ላይ ሳለ ያዝኳት።

«ምን ታፈጣለህ፣ ጠጋኙ? ሥራ እየፈጠርኩልህ እኮ ነው!» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። የጥገና መዝገቡ ላይ «ብሎኑ ላልቷል፤ ተጠብቋል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ወር ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አልነግራችሁም።

እትዬ አራት ዓመት ታገሠች። ከዚያ ኃላፊው ጋ ገባች። ኃላፊው መጥፎ ሰው አልነበረም ይላሉ። መጥፎ ያልሆነ ሰው ሰልችቶኛል! ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ውሃ አስመጣላት። መቀሷን ግን አልጠራትም። ከኋላ ያለውን መጋዘን አስጠርጎ፣ «እዚያ ማንም አይነካሽም፤ ቁልፍ ብቻ ትተክያለሽ። ለራስሽ ብለን ነው» አላት።

ለራስሽ ብለን! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለካ ይኼ ነው። መኪናዋን ተሸክሜ መጋዘኑ ድረስ የወሰድኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆየች። መስኮት የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ለምን እንደገባች ሁሉም ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ግማሹ ረሳው። ከዚያ በኋላ አዲስ የሚቀጠሩት ሲጠይቁ፣ «እሷ? ብቻዋን መሆን ትወዳለች» ይባሉ ጀመር። አያችሁ ሥራችንን? አስገብተናት ስናበቃ ጠባይዋ አደረግነው። አዲስ የገቡት ልጆችም ቧንቧው ጋ ሲያገኟት ዝም ይሉ ነበር፤ ምን እንዳደረገቻቸው እንኳ ሳያውቁ። ጡረታ የወጣች ዕለት አዲሱ ኃላፊ የምስጋና ወረቀት ሊሰጣት ወደ አዳራሹ አስጠራት። መጣች። መሐል አዳራሽ ቆማ የምትቀመጥበት ፈለገች። በዚያ ሁሉ ወንበር መሐል የእሷ የሚባል አልነበረም።

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሻዬን ያቆመው።

ገብስማዋ ቅርጫቱ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። ቁስሏ ደረቀ፣ ዓይኗ በራ፣ እትዬ ስትገባ ስትወጣ በቅርጫቱ ቀዳዳ እየተከታተለች ታወራት ጀመር። በአሥረኛው ቀን ግቢው ውስጥ ለቀቅናት።

አምስቱም በአንዴ ነው የመጡባት። ጥቁሯ ብቻ አይደለችም፤ አምስቱም። የማያውቋት ዶሮ ከሰማይ የወረደች ነው የመሰላቸው። እትዬ በመጥረጊያ ገብታ አስጣለቻት። «ምን ሆኑ? አብረው ነበሩ እኮ! ምን ሆኑ?» እያለች ትጮሃለች። እኔ ምን እንደሆኑ ገብቶኛል። ግን አልተነፈስኩም፤ ዝምታ የድሮ ሙያዬ ነው።

ሰደርያውን የሰፋችው ያን ጊዜ ነው። ጀርባዋን ቢሸፍንላት ምንቃር አያገኛትም ብላ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የተቆረጠ የደንብ ልብስ ጨርቅ አላት፣ እጇ አልረሳም፣ ሁለት ቀን ሠራችው። ያበላሸችው ቁልፏ ናት። ጨርቅ አስረሽ ብትተዪው ምን ነበረበት? እሷ ግን ልብስ ያለ ቁልፍ አለቀ ብላ አታምንም። ከቆርቆሮዋ ውስጥ ምርጧን ነጭ ቁልፍ፣ ብርሃን ሲያገኛት እንደ ዕንቁ የምታብለጨልጨዋን አውጥታ ተከለችባት።

ዶሮ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነገር ምን እንደምታደርግ የማያውቅ የለም። እትዬና እኔ ብቻ ረስተነዋል። አንዷ ቀይ አንገቷን ቀልሳ አየቻት። የበቆሎ ፍሬ መሰለቻት። ጠቅ! አልተነቀለችም። ጠቅ! ጥቁሯ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ከዚያ ሁሉም። እትዬ ቁልፍ ስትተክል ደግሞ እንዳይነቀል አድርጋ ነው፤ በአራት ቀዳዳ፣ በድርብ ክር፣ ሥሩን ጠምጥማ። ቁልፏ ባለመውለቋ የዶሮዋ አንገት ነበር ሊወልቅ የደረሰው።

እትዬ ዶሮዋን አስጥላ ጭኗ ላይ አስተኝታ ሰደርያውን በመቀስ ቀደደችው። ቁልፏን በጥርሷ በጥሳ ሽርጧ ኪስ ከተተቻት።

«በቃ» አለች። «ከእንግዲህ አንዴ ብትደማ ትታረዳለች። ልምጂው እያልኩ ሥቃይዋን አላይም። እኔ ቤት ተለምዶ የሚኖር ሥቃይ የለም።»

እንደ ቀልድ የተናገረችው አልነበረም። የእህቷ ልጅ ስትደውል ነገረቻት፤ ልጅቱም፣ «አክስቴ፣ ለአንዲት ዶሮ ይሄን ያህል! ባለቤቴ ቅዳሜ እዚያ ሥራ አለው፣ መጥቶ ይረድልሻል» ብላ ጨረሰችው። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ማጠቢያው ሥር ነበር። ጠዋት በሩን ስትከፍት ከግቢው ሁሉ ወደ እሷ የምትመጣው ያቺ ዶሮ ብቻ ናት። ሌሎቹ ወደ ሳህኑ ነው የሚሮጡት።

ዓርብ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ አይታኝ በአጥሯ ላይ አሻግራ ጠራችኝ። «ጠጋኙ! ያን የሽቦ ሳጥን ይዘህልኝ ና!»

የስፌት መኪና ማሸጊያ የነበረ ሳጥን ነው፤ በሽቦ ወንፊት ያለበስኩት። ይዤ ገባሁ። ገብስማዋ ማጠቢያው ሥር ናት፤ ክንፏ ሥር አዲስ ደም አለ። በቃ፣ ቅዳሜ ድረስ እዚህ ልታስቀምጣት ነው አልኩ። ጎንበስ ብዬ ያዝኳት። አልሸሸችም። አለመሸሿ አንጀቴን በላው።

«እሷን አይደለም» አለች እትዬ ከኋላዬ።

«እ?»

«ገብስማዋን ልቀቃት። ጥቁሯን ያዝልኝ።»

«እትዬ፣ የተጎዳችው እኮ ይቺ ናት።»

«የተጎዳችውን አጣኋት? የተጎዳ ነው እንዴ ሁልጊዜ የሚወጣው? የተደበደበ ነው እንዴ ዕቃውን የሚሸከም?» ድምፅዋ ወጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ዘጠኝ ቀን ያወጣኋት ማንን ነው? ጥፋተኛዋ ሳህኑ ላይ ቆማ እየበላች እኔ ይቺን ቅርጫት ውስጥ ቆለፍኩባት። ስትመለስ የሚያውቃት ጠፋ። እንግዳ ያደረጓት እነሱ አይደሉም፣ እኔ ነኝ! ደግሞ ምን እያልኩ? ለራሷ ብዬ ነው እያልኩ!»

ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ሊቀመንበሯን ለመያዝ የፈጀብንን ላብ አትጠይቁኝ። ማጠቢያው ላይ ወጣች፣ አጥሩ ላይ ወጣች፣ እኔ ራስ ላይ ወጣች። በመጨረሻ እትዬ የተሰጣውን አንሶላ ስባ ጣለችባት። ሳጥኑ ውስጥ ሳስገባት አውራ ጣቴን ነክሳ ቆዳ ይዛ ሄደች።

«ሥልጣን በሰላም አይለቀቅም» አልኩ ጣቴን እየጠባሁ። እትዬ አልሳቀችም።

የዚያን ቀን ግቢውን አገላበጥነው። አንድ የነበረውን የመኖ ሳህን ሦስት አድርገን አራራቅነው፤ አንዲት ዶሮ ሦስት ሳህን ላይ መቆም አትችልም። የምትባረር ዶሮ ተሸሽጋ ዞራ የምትወጣበት ሳንቃ አቆምኩ። እትዬ ጎመን በገመድ አንጠለጠለች፤ መንቆር ላማራት ምንቃር ሥራ ይሁን ብላ። ቆጡንም አንድ ክንድ አስረዘምኩት። ሰደርያውን እንደገና ሰፋችው፤ በጨርቅ ማሰሪያ፣ ያለ ቁልፍ። ስትጨርስ አገላብጣ አየችውና፣ «ደስ አይልም» አለች፤ ግን አለበሰቻት።

ቅዳሜ የእህቷ ልጅ ባል ቢላ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። «ሰው ቤት በሰላም አይመጣም እንዴ? መልሰውና ቁጭ በል!» አለችው። እንቁላል ጠብሳ አበልታ ሸኘችው። ግራ እንደገባው ሄደ።

ጥቁሯ ሳጥኑ ውስጥ ሰባት ቀን ተቀመጠች፣ እትዬ ክፍል ውስጥ። የመጀመሪያ ቀን ጣራው እስኪሰነጠቅ አስካካች። በሁለተኛው ቀን ሽቦውን ስትነቁር ዋለች። በሦስተኛው ዝም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች፤ መኖዋ እንዳለ ነው። በዚያው ቀን ግቢው ውስጥ ገብስማዋ ከማጠቢያው ሥር ወጣች። ማንም አልጠራትም። ወጥታ ዳር ያለው ሳህን ላይ አጎነበሰች። ነጯ ቀና ብላ አየቻትና መብላቷን ቀጠለች። ያ ብቻ ነው የሆነው። እኔ ግን ልጮህ ነበር የደረስኩት።

እትዬን ልነግራት ስገባ ወለል ላይ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላለች። ሳህኗ ጭኗ ላይ ነው። ምሳዋን ከጥቁሯ ጋር እየበላች ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው? ተያት እንጂ፣ ትቅመሰው!» አልኳት።

«ቀጣኋት እንጂ ብቻሽን ብይ አላልኳት።»

«የሠራችውን አታውቂም?»

«አውቃለሁ።» ፍርፋሪ በሽቦው ቀዳዳ አስገባችላት። ዶሮዋ አልዞረችም። «አንተ ብቻህን በልተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን አይደለም የምልህ።»

አላውቅም። እናቴ ቤት ስምንት ነበርን፤ ከዚያ ሚስት አገባሁ፤ ሥራ ቦታ ደግሞ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ከእነሱ ጋር።

በስምንተኛው ቀን ጥቁሯን አወጣናት። ሲመሽ ቆጥ ላይ ብናስቀምጣት ይሻላል አልኳት፤ እንቢ አለች። «በቀን ነው፤ ሁሉም እያያት።» ጥቁሯ አንገቷን ሰብራ፣ አጥሩን ታክካ ገባች። አንዷ ቀይ መጥታ ጠቅ አደረገቻት። አልመለሰችም። ወሰራዋም መጣች። ከዚያ፣ አምላክ ያሳያችሁ፣ ገብስማዋ በሰማያዊ ሰደርያዋ እየተንጎራደደች መጣችና ጥቁሯን አናቷ ላይ አንዴ ነቆረቻት።

እኔ አጨበጨብኩ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ ወደ ገብስማዋ!

«አንቺም? አንቺም እንዲሁ?»

ገብስማዋ ተፈናጥራ ሸሸች። እትዬ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ቆማ ቀረች። ጫማውን አንሥቼ ሰጠኋት። ስታጠልቀው ትከሻዬን ያዘች። ያን ጊዜ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«እትዬ፣ የብሎኑን ነገር አውቅ ነበር። መቀሷ ስታላላው በዓይኔ አይቻታለሁ።»

እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቆየ።

«መዝገቡ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ላልቷል ብዬ።»

«ላልቷል።» ቃሉን አፏ ውስጥ አዞረችው። «አላልቷል ማለት አቅቶህ ነው? ከፊቱ አንዲት ‘አ’ እኮ ናት የጎደለችው። ቀለም ልትቆጥብ ነው?»

ምን ልበል? ቢሰድቡኝ እሰድባለሁ፤ ቢመቱኝ እመታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሁሉ ላይ አፌን ስከፍት ኖሬ፣ አንዲት ፊደል ሳትወጣኝ ቀርታለች።

«መኪናሽንም የተሸከምኩት እኔ—»

«እሱንስ ተወው። ከብዶህ ስትንገዳገድ በሩን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። በርታ ብዬህ ነበር፤ ረሳኸው?»

አልረሳሁትም።

ዶሮዎቹ ተላመዱ። ጥቁሯ ከመሐል ሆነች፣ የገብስማዋ ላባ እንደ ጢም ብቅ ብቅ አለ፣ ሰደርያውም ወለቀ። አለቀ ብዬ ነበር። ሞኝነቴ! ሰውም እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ ለሚስቴ ነገርኳት፤ እሷም እሑድ ምሳ ትምጣ አለች። እትዬን ስጠራት፣ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች። ሦስት ሳህን ተቀመጠ። ጠበቅን። ምግቡ ቀዘቀዘ። ሚስቴ ሁለት ጊዜ አሞቀችው። ሦስተኛውን ሳታሞቅ እኔ ተነሥቼ በንዴት ሄድኩ።

ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች። ፀጉሯ ተበጥሯል። የሰው ቤት ጫማዋን አድርጋለች። ጭኗ ላይ ስድስት እንቁላል በጨርቅ የተቋጠረ።

«በራችሁ ድረስ መጥቼ ነበር» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«ታዲያ?»

«ስታወሩ ሰማኋችሁ። ሚስትህ ትስቅ ነበር። ከገባሁ ወሬው ይቆማል ብዬ ተመለስኩ።»

«እትዬ! ያቺ ዶሮ እንኳ በሦስት ቀኗ ወጣች እኮ!»

«ዶሮዋን ዘጠኝ ቀን ነው ያስቀመጥኳት።» ቋጠሮውን አስተካከለችው። «እኔ ስንት ዓመት እንደነበርኩ ታውቃለህ።»

አፌን ከፈትኩ። ነይ፣ ተነሺ፣ እጅሽን ይዤሽ እሄዳለሁ፣ ለራስሽ ብዬ ነው ልላት ነበር። ቃሉ ጥርሴ ጋ ደርሶ አወቅኩት። ዋጥኩት። ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚያ የመረረ ነገር ውጬ አላውቅም። እሷ አይታኛለች፤ ፈገግ እንደማለት አለች።

«ብቻዋን መሆን ትወዳለች በላት፣ ሚስትህን» አለችኝ። ቀልድ ይሁን እውነት አልለየሁም። እሷም የለየችው አይመስለኝም።

ማሸጊያ ሳጥኑን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሂድ አላለችም፤ ተቀመጥም አላለችም። ፀሐይዋ ከአጥሩ በታች ስትሆን ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ቆጡ ላይ ወጡ። ገብስማዋ የመጨረሻዋ ናት፤ ባስረዘምኩት ክንድ ጫፍ ላይ፣ ከነጯ አጠገብ። ነጯ ትንሽ ጠጋ አለችላት፣ ወይም ለራሷ ተመቻቸች። እትዬ እጇ ሽርጧን ፈለገ፤ የለበሰችው ጥሩ ቀሚሷን ነው፣ ኪስ የለውም፤ ግን ቁልፏን እንደምትፈልግ አውቄያለሁ።

እንቁላሎቹን ለሚስቴ ሰጠችኝ። «በሩን ሳብ አድርገው» አለች።

ሳብ አደረግኩት። ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። መቀርቀሪያው ገባ።

እሑድ እንደገና እሄዳለሁ። ለራሷ ብዬ አይደለም።